የታጠበው ዝገት

ቅዳሜ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኦሮራ

ዛሬም አጠበቻት። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ እማዬ ሲንኩ አጠገብ ቆማ የሠራኋትን ትንሽ ሞዴል ባቡር በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ትፈትጋለች። ሳምንቱን ሙሉ በቀጭን ብሩሽ የቀባኋት ዝገትና ጥላሸት መሳይ ቀለም ቡናማ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። አባዬ ድሬዳዋ ይነዳው የነበረውን ባቡር እንድትመስልልኝ ነበር ልፋቴ። ዝገት ከሌላት መጫወቻ ነች።

የመሥሪያ ጠረጴዛዬንም አስተካክላዋለች። ጥቃቅን ብሎኖቼን ከምስር ጋር ቀላቅላ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ከትታቸዋለች። ባለፈው ባቡሯን ቁም ሳጥን ውስጥ ብቆልፍባት ስትፈልግ ውላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ መቆለፉን ተውኩት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው ያቆሸሽኳት።»

«አባትህ ቆሻሻ ባቡር ነድቶ አያውቅም!» ብላ ተቆጣችኝ።

እኔ የማስታውሰው ዝጎ ነው። እሷ የምታስታውሰው ሲያብረቀርቅ ነው። ማን ያስታርቀናል?

ፎጣ አቀበለችኝ። «በል ቶሎ አድርቃት። አባትህ አሁን ይመጣል።»

አባዬን አብረን ነው የቀበርነው።

ፎጣውን ተቀብዬ ማድረቅ ጀመርኩ።