«ከመስኮቱ ሳይርቁ ይቁጠሩ» ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው የውጭ ምንዛሪ መስኮቶች ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የወንበርዎን ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጤና ይስጥልኝ፤ እንቅልፍዎም የተሟላ እንደሆነ ተስፋ አለኝ። ጉዳዬን በአካል ቀርቤ ባስረዳ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በታች በሚያነቡት ምክንያት ወደ እርስዎ የሚያደርስ በር ስላላገኘሁ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። የግራ ዓይኗ እየደበዘዘ ሄዶ የአገራችን ሐኪም ቀዶ ጥገናው እኛ ዘንድ እንደማይሠራ፣ ዓይኑም ብዙ ጊዜ እንደማይሰጥ ስለ ነገራት፣ ቤተ ዘመድ ካለው ላይ አዋጥቶ፣ እኔ አስታማሚ ሆኜ ወደ አገርዎ ይዣት መጣሁ። በዚያ ቆይታችን ከመሥሪያ ቤትዎ የተዋለልኝ ውለታ ብዙ ነውና በተራ በተራ ላመስግንዎት።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ አመሰግናለሁ። ሻንጣችንን በምንጠብቅበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ «ገንዘብዎን በመንገድ ላይ ከማያውቁት ሰው አይመንዝሩ፤ ሕጋዊ መስኮት ይጠቀሙ፤ ከመስኮቱ ሳይርቁ ይቁጠሩ» የሚል በትልልቅ ፊደል ተሰቅሎ ነበር። እህቴ በደኅናው ዓይኗ አንብባ ስታበቃ፣ ለታክሲና ለማደሪያ የሚበቃንን ብቻ መንዝረን የቀረውን ከተማ ገብተን በባንክ እንድንመነዝር ለመነችኝ። እኔ ግን ከሕጋዊ መስኮት በላይ ምን ይመጣል ብዬ፣ ታላቅነቴንም ጨምሬበት፣ የያዝነውን ሁሉ በመስታወቱ ሥር አሳልፌ ሰጠሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበቃ ሠራተኛዎ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ከፋይዋ በወረቀት የታሰሩትን ኖቶች ገፋ አድርጋ ስትሰጠኝ፣ በማስታወቂያዎ መሠረት ከመስኮቱ ሳልርቅ መቁጠር ጀመርኩ። ጥበቃው ወዲያው መጥቶ ሰልፉን ስላጨናነቅሁ ከመስኮቱ ርቄ እንድቆጥር ትከሻዬን ይዞ አሳሰበኝ፤ ርቄ ስቆጥር ደግሞ መተላለፊያ ላይ መቆም ክልክል ነው ብሎ በመውጫው በር ሸኘኝ። በሩ ከውጭ በኩል እጀታ እንደሌለው በሙያዬ ምክንያት አስተውያለሁ፤ ያኔ ግን ነገሩ የማይመለከተኝ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛውን ምስጋና እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። እህቴ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሳ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ የሚያደበዝዝ መድኃኒት ተንጠባጥቦላት፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሳለች እኔ ለመክፈል ወደ ሒሳብ ክፍል ወረድኩ። ሒሳብ ተቀባዩ ኖቶቹን በማሽን ሲያሳልፍ ከእስሩ ላይና ታች የነበሩት እንደ ጨዋ ልጅ ሰተት ብለው አለፉ፤ የመሐሎቹ ግን ተራ በተራ ተመልሰው ወጡ። ሰውየው ፊቴን አየ፣ ኖቶቹን አየ፣ ከዚያም ሐሰተኛ መሆናቸውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ። የደበቅሁት ነገር የለምና ፖሊስ እንዲጠራልኝ የጠየቅሁት እኔው ራሴ ነበርኩ።

በፖሊስ ጣቢያ የተቀበለኝ መርማሪ ጨዋ ሰው ነበር። እኔ ፊት ወደ ቢሮዎ ስልክ ደውሎ ሲጠይቅ፣ ደንበኛው ከመስኮቱ ከራቀ በኋላ ለሚነሳ ጥያቄ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ ከእናንተ ተነገረው። እርሱም ደረሰኜ መመንዘሬን እንጂ የትኞቹን ኖቶች እንደተቀበልኩ ስለማይናገር፣ ኖቶቹ ከእርስዎ መስኮት ለመውጣታቸው ከመስኮቱ ማረጋገጫ ካላመጣሁ ከጣቢያው መውጣት እንደማልችል በትሕትና ገለጸልኝ። ማረጋገጫውን ለማምጣት መውጣት አለብኝ፤ ለመውጣት ማረጋገጫውን ማምጣት አለብኝ። እንበልና ብወጣስ፣ መስኮትዎ ያለው ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ ብቻ በሚገኝበት አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ፣ አቤት ለማለት መጀመሪያ ወደ አገሬ በርሬ እንደገና መምጣት ይኖርብኝ ነበር። ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ውስጥ የቀረበት ሰው ሱቄ ሲመጣ ስቄ አውቃለሁ፤ ከእንግዲህ አልስቅም።

ያስገቡኝ ክፍል አንዲት ትንሽ መስኮትና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረው። የበሩ ቁልፍ እንዲያው ለስሙ የተገጠመ ርካሽ ቁልፍ ስለሆነ፣ በአንዲት ቀጭን ሽቦ ሻይ እስኪቀዳ ድረስ እንኳ ሳልቆይ ልከፍተው እችል ነበር። ብከፍተው ግን ያልሆንኩትን ሌባ ልሆን ነው፤ ካልከፈትኩት እህቴ ብቻዋን ደጃፍ ላይ ናት። እጆቼ እንዳያሳስቱኝ ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። አጠገቤ የነበረው ታሳሪ፣ ማስታወቂያዎ ተጠንቀቁት የሚለው ዓይነት የመንገድ ላይ መንዛሪ ነበር፤ ዳቦውን ገምሶ ሰጥቶኝ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ፣ «ከእኔ መንዝረው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የማንን አንገት እንደሚያንቁ ያውቁ ነበር» አለኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ ካለዎት ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ቀኑ ሲገፋ የእህቴ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷም የት እንዳለሁ ከሒሳብ ተቀባዩ ሰምታ፣ አጠገቧ የነበረ ታማሚ እናት እጇን ይዘው እየመሯት፣ በሆስፒታሉ ልብስ ላይ የእኔን ኮት ደርባ፣ ብርሃኑ እየወጋት ጣቢያ ድረስ መጣች። መርማሪው በዚያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አቅርቦልኝ ነበር፦ ወይ ኖቶቹን በፈቃዴ ማስረከቤንና በማንም ላይ ጥያቄ እንደሌለኝ ፈርሜ መሄድ፣ ወይም ምርመራው እስኪያልቅ እዚያው መቆየት። እኔ በሐቄ ላይ አልፈርምም ብዬ ደርቄ ነበር። እህቴ ጠረጴዛውን በእጇ ዳብሳ እስክሪብቶውን አገኘችና አቀበለችኝ።

«ፈርም፣ ወንድምዬ። አንተ እዚህ ተዘግተህ ዓይኔ ቢበራ ማንን ላይበት ነው?»

ፈረምኩ። ቤተ ዘመድ ዳግመኛ እስኪያዋጣ፣ ሐኪሙም ሌላ ተራ እስኪሰጠን ጊዜው አለፈ። ቀዶ ጥገናው በመጨረሻ ተሠራ፤ ሐኪሙ ግን ዘግይታችኋል አለን። ዛሬ በግራ ዓይኗ ብርሃን ታያለች፤ ሰው በር ላይ መቆሙን ታውቃለች፤ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ቀኙም ለሁለት መሥራት እየደከመው ስለሆነ፣ ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ወደ ቤቷ ጎራ ብዬ ለቀኑ የሚበቋትን መርፌዎች ክር አስገብቼላት እሄዳለሁ። ሁሉንም አትመንዝር ብዬህ አልነበረም ወይ ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከጣቢያው ክፍል ወጥቻለሁ፣ ከዚህ ዝምታዋ ግን እስካሁን አልወጣሁም።

በመጨረሻ፣ ለላክሁልዎ አቤቱታ ስለ ሰጡኝ ፈጣን ምላሽ አመሰግናለሁ። «የሰጡን አስተያየት ለአገልግሎታችን መሻሻል ግብዓት ይሆናል» ብለውኛል። ለእህቴ ሳነብላት ግብዓት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ዓይንሽ ማለት ነው አልኳት።

ክብርዎ እንደ ማስታወቂያዎ ከፍ ብሎ እንደ ተሰቀለ እንዲኖር፣ ደመወዝዎም ሁልጊዜ ከእስሩ ላይና ታች ብቻ እየተቆጠረ እንዲከፈልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ውለታዎ ዘወትር ያለብኝ፣
ቁልፍ ሠሪው

ማስታወሻ፦ ወደ አገራችን ስንመለስ የተረፈችንን ጥቂት ገንዘብ መልሼ ለመመንዘር በመነሻው አዳራሽ ወዳለው ሌላው መስኮትዎ ቀርቤ ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ እያንዳንዷን ኖት በማሽን አሳለፈ፣ ወደ መብራት አንሥቶ አየ፣ በጣቱም አሸት አሸት አደረገ። ይህን ያህል ለምን እንደሚጠነቀቅ ብጠይቀው፣ መንገደኛ አይታመንም አለኝ። ማሽኑ እንዳላችሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።