ለእስራት መዋጮ

ሰኞ

ጥፋተኛ ተባለ። ይማም፣ ባሌ። አሶሳ ፍርድ ቤት ከኋላ ቆሜ ነው የሰማሁት። ግን ክፉው ቀርቷል፤ ዳኛው «በቸልተኝነት እንጂ ሆን ብሎ አይደለም» ብለዋል። ዐቃቤ ሕጉ አሻጥር ነው ሲል ነበር የከረመው። አሻጥር ቢባል ኖሮ አልቆልን ነበር።

ያደረገው ይኸው ነው። እባብ ፈርቶ የጎጇችንን ዙሪያ ሣር አቃጠለ። እዚህ በበጋ ሁሉም ያቃጥላል። እሱ ግን እሳቱ እንዳይሻገር አስቀድሞ ዙሪያውን መመንጠር እንዳለበት አላወቀም። በመጣንበት በወሎ ሰው የሚውጥ ሣር የት አለና! ነፋስ ተነሣ፤ የአምራቾች ማኅበሩ የማሽላ ክምር ነደደ። ራሱ ሮጦ ለሰፈራ ጣቢያው ኃላፊ ተናገረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስር ቤት ነው።

የቅጣቱ ቀጠሮ ረቡዕ ነው። የሚያቀልለት ነገር ካለ ያን ጊዜ ይነገር ተብሏል።

እኔ ከእሳቱ ወዲህ ክብሪት አልጫርኩም። ፍም ከአሊዩ ቤት እያመጣሁ ነው የማበስለው።

ማክሰኞ

አሊዩ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ዛሬ ሦስት ጎረቤቶች አስከትሎ መጣ፤ ፊታቸው በርቷል። መላ አግኝተናል አሉኝ።

«አገር ቤት የደም ካሳ ሲወሰን ዘመድ ሁሉ ያዋጣ የለም እንዴ? እስራቱንም እናዋጣለት። አምስት ዓመት ቢሉት ለያንዳንዳችን አንዳንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ምን አላት!»

እውነት ለመናገር ብልሃት መሰለኝ። አለቀስኩም። እንዲህ ያለ ዘመድ ማን አለው?

ነገ የምይዝለት፦ ጋቢው፣ ትንሽ ቆሎ፣ ለእጁ ቅቤ። እሳቱን በእጁ ሲመታ ነው መዳፉ የተቃጠለው።

ረቡዕ

ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ!

ዳኛው «ቅጣት የሚያቀል ነገር አለ?» እንዳሉ አራቱም ብድግ አሉ። አሊዩ ደረቱን ነፍቶ «እሳቱን እኛም ለኩሰናል፤ እስራቱን ያካፍሉን» አለ። ዐቃቤ ሕጉ ከወንበሩ ዘለለ። «ተስማምተው በቡድን ከፈጸሙት ቅጣቱ ይከብዳል እንጂ አይካፈልም፤ አሻጥር ነው ያልኩት ይኸው ታየ» አለ። አሊዩ የተሳካለት መስሎት ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ይላል!

ዳኛው ለዓርብ ቀጠሩ። አራቱን ፖሊስ ወሰዳቸው። ይማም በአጠገቤ ሲያልፍ «ማነው እንዲህ የመከራቸው?» አለኝ። መንደር ስመለስ የአራቱ ሚስቶች መንገድ ላይ እየጠበቁኝ ነበር።

ሐሙስ

በጠዋት ሼህ ሐምዳን ዘንድ ሄድኩ። የዚህ አገር ሰው ናቸው፣ የበርታ ተወላጅ። እሳቱ በተነሣ ዕለት ቀፏቸውን ሊያዩ መጥተው ከይማም ጋር እሳቱን በቅርንጫፍ ሲመቱ ውለዋል። ሳልናገር እንባዬ ቀደመኝ።

«አንተ አታልቅስ» አሉኝ፤ በእሳቸው አማርኛ ወንድ ነኝ። «ነገ እኔ ይሄዳል። ዓይኔ ያየው፣ አፌ ይናገራል።»

የጣቢያው ኃላፊም ይመጣል። አራቱ እሳቱ ሲነሣ ከእሱ ጋር ወንዝ ማዶ ቀርከሃ ሲቆርጡ ነበር። የሚመጣው ለእኛ አዝኖ ሳይሆን ሥራ ፈታብኝ ብሎ ነው። ብቻ ይምጣልኝ።

ዓርብ

ተመስገን። ተመስገን። ተመስገን።

ሼሁ ቆሙ። «ወላሂ፣ እሳት አንድ ቦታ ተነሣ። እነዚህ ሰዎች የለም። ይማም ብቻ። ይማም ሣሩን አያውቅም። እሳት ሲሄድ እሱ አልሸሸም፤ በእጁ መታ።» ኃላፊውም የቀርከሃውን ነገር መሰከረ።

ዳኛው አሊዩን ለምን እንደዋሸ ጠየቁት። የደም ካሳውን መዋጮ አስረዳቸው። ዳኛው መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቅ ነበር፤ አይቻለሁ።

ቀጥለው ግን ረጋ ብለው ተናገሩ። «ካሳ ይዋጣል። ቅጣት የሚለካው በራሱ በሰውየው ነው። በልቡ ምን ነበር? ከዚያ በፊት እንዴት ያለ ሰው ነበር? ካጠፋ በኋላስ ምን አደረገ? ይህን ሌላ ሰው ሊሸከምለት አይችልም።» ከዚያ ይማምን መዳፍህን አሳይ አሉት። ዘረጋው።

ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም። ባለማወቅ ነው። ራሱ ሄዶ ተናግሯል። ለማጥፋት ሲል ተቃጥሏል። ስለዚህ ሦስት ወር ቀላል እስራት፣ የታሰረው ይታሰብለት። የታሰረው ደግሞ ከዚያ ያልፋል! አራቱም በተግሣጽ ተለቀቁ። እልል አልኩ። ፖሊሱ ዝም በይ አለኝ፤ ደገምኩለት።

አሊዩ መንገዱን ሙሉ አኩርፎ ነው የመጣ። «ቢሆንም ሁለት ሌሊት አዋጥቻለሁ» ይላል።

ቅዳሜ

ጠዋት ፍም ላመጣ ገል ይዤ ስወጣ ይማም «ክብሪት የለንም?» አለኝ። ከሸሸግኩበት አወጣሁለት። የመጀመሪያው ተሰበረ፣ ሁለተኛውም። ጣቶቹ ገና እንደ ልብ አይታጠፉም። ሦስተኛው ያዘ። በመዳፉ ከልሎ ምድጃው ውስጥ አስገባው፤ እንጨቱ እስኪቀጣጠል ዓይኑን አልነቀለም።

ዞር ሲል ከጎኔ እንስራ ሙሉ ውኃ አየ።

«ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው?»

«ለሻይ» አልኩት።