አባባ አየር ሲለምኑኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ልጆችህስ? ኤፍራታ ደህና ናት? ኖህን ይዞት የነበረው ወባ ለቀቀው? እኛ ተመስገን፣ በሕይወት አለን። አሰላ ግን ክረምቱ ጠንቶ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አባባ አጠገቤ እየሰሙ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ባለፈው ሳምንት ልናጣቸው ነበር።

ያ ሁሉ ዘመን በሹፌርነት ያጨሱት ሲጋራ ሳንባቸውን እንዳደቀቀው ታውቃለህ። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሱ ለሊሳ የቤቱን ኦክስጅን ገጥሞልን፣ ከዚህ መስመር በላይ እንዳትከፍቱት ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። መድኃኒት ልገዛ ስወጣ አክስታችን እትዬ ተሻለች ከሮቤ መጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ወንድማቸው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቢያዩ አንጀታቸው አልችል አለና ተነሥተው እስከ መጨረሻው ከፈቱላቸው። ስመለስ በሩ ላይ ተቀብለው፣ "ዛሬስ እፎይ ብሎ ተኛልሽ" አሉኝ።

የአባባ ፊት ቀልቷል፤ የሚተነፍሱት ከስንት አንዴ ነው። ብጠራቸው፣ ብነቀንቃቸው አይሰሙም። ኦክስጅኑን ወደ ቦታው መልሼ ከጎረቤታችን ከፋጡ ጋር ተጋግዘን ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ እንደሳቸው ያለ ሳንባ ኦክስጅን ሲበዛበት የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ያቅተዋል፤ ያ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ሰውን ያደነዝዛል፣ እንደተኛም ያስቀረዋል። በመሣሪያ እየታገዙ ሲተነፍሱ አድረው ነቁ፤ አሁን ቤት ተመልሰዋል።

እትዬ ተሻለች ግን ከዚያ ወዲህ እግራቸው ቀረ፤ ስደውልም አያነሱም። ወንድሜን ልገድለው ነበር ብለው ተሸማቅቀዋል። እሳቸውም ሲቀሩ ቤቱ ጭር አለብኝ።

ትናንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው አባባ እጄን ይዘው፣ "መክሊት፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" አሉኝ። በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸውና ሐኪሟ ያለችኝን ደገምኩላቸው። "አውቃለሁ፤ ትንሽ ብቻ" አሉ። አባቴ አየር ለመኑኝ፣ እኔም ከለከልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ልክ አድርገሻል የሚለኝ ሰው እንኳ አልነበረም።

አደራህን፣ ለእትዬ አንተ ደውልላቸው። አባባ አልተቀየሟቸውም፤ "ብትወደኝ ነው፣ ትምጣ" ይላሉ። አንተም ከቻልክ ለመስቀል ብቅ በል። ይምጣ ብለው አይጠይቁም፤ ግን ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ይላሉ።

ኤፍራታን እቀፍልኝ፤ ኖህን ጉንጩን ሳምልኝ። ፋጡም ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባም ሰላም ይሉሃል፤ ደህና ነኝ በይው ብለውኛል።

እህትህ መክሊት
አሰላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.