ከአክስትሽ አንሶላ እንዳትቀበዪ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ክብሩ፣ ሞላሌ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ በጥቅምት ውርጭ አልተነሳብዎትም? እትዬ ፍቅርተስ እንዴት ናቸው፣ ዓይናቸው ተሻላቸው? አልአዛርስ ትምህርቱን ይዟል? በጎቹ ደህና ናቸው? ገብሱስ ታጨደ? እኛ፣ እኔም ባዬም ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል በአካል ነው። ቆሽቴ ግን አርሯል፤ ያሳረሩትም እርስዎ ነዎት። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፣ ቁጣዬም ከልቤ ነው፤ ሁለቱንም ይቀበሉኝ።

በስልክ ያልነገርኩዎት ወድጄ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ስደውል፣ ድምፄ ከፍ ማለት ሲጀምር ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም እያሉ ይዘጉታል። ለጥሩ ወሬ ሲሆን ኔትወርኩ ከየት እንደሚመጣ እንጃ! ደብዳቤ ግን አይዘጋም። የጎረቤታችን ልጅ ምንያህል፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ነገ ወደ እናንተ አገር ስለሚወጣ በእሱ ልኬዋለሁ። አልአዛር ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። እትዬም ቁጭ ብለው ይስሙ።

ልጅዎ ትንሣኤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች ሲባል እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሰርግ መስሎት ወጣ። እኔና ባዬ መናኸሪያ ሄደን ስንጠብቅ፣ ከአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት ትልልቅ ማዳበሪያ ሲወርድ አየሁ። የዶርም ዕቃዋ መስሎኝ፣ ይኼን ሁሉ ለብቻዋ እንዴት ችላ መጣች ብዬ አዘንኩላት። ቤት ገብተን ባዬ ቋጠሮውን ሊፈታ ቢታገል እምቢ ስላለው በቢላ ቆረጠው። የእርስዎ እጅ መሆኑን በቋጠሮው አወቅሁ። በጭነት እርስዎን የሚያህል በሞላሌ የለም፣ ይኼን ማን ይክዳል? የቅቤውን ቆርቆሮ በሶው ውስጥ ቀብረው፣ የማሩን ዙሪያውን በምስር ጠቅጥቀው፣ በመሐል በተረፈችው ቀዳዳ ቋንጣ ሰክተው፣ ጣት የምታስገባ ቦታ እንኳ አልተዉም። ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ አንዲት ጠብታ ማር አልፈሰሰም። ጎበዝ! ሁሉም ግን ለእኔ ቤት ነው። የልጅቷን ዕቃ ብፈልግ፣ በትከሻዋ ያንጠለጠለቻት የሃይስኩል ቦርሳዋ ብቻ ናት።

አንሶላሽስ፣ ብርድ ልብስሽስ የታለ አልኳት። ሁሉም አለኝ አክስቴ፣ የጎደለኝ የለም አለች። ቦርሳዋን ደግሞ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። ልጅ ናት፣ ዕቃዋ እንዲነካባት አትፈልግም ብዬ ተውኳት። በማግስቱ በባጃጅ ግቢ ድረስ ሸኝተናት ተመለስን።

እንግዲህ ጋሼ፣ የምሸጠው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ያለችው ሱቄ ከወለል እስከ ጣሪያ አንሶላና ብርድ ልብስ ናት። ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ደግሞ ለምሳ እንኳ አልቀመጥም፤ ከየአገሩ የመጣው ልጅ ሁሉ ከእኔ ገዝቶ አልጋውን ሲያነጥፍ ሰነበተ። ትናንት ቅዳሜ አስማ የምትባል ጨዋታዋ የሚጣፍጥ ልጅ መጣች። አንድ አንሶላ አነሳችና፣ እባክሽ ቀንሺልን፣ ለራሴ አይደለም፣ ዶርማችን ውስጥ ባዶ ፍራሽ ላይ የምትተኛ ችግረኛ ልጅ አለች፣ አዋጥተን ልንገዛላት ነው አለችኝ። ሆዴ ባባ። ለችግረኛማ ከሆነ ብዬ በመጣበት ዋጋ ሰጠኋት፤ የትራስ ልብስም መረቅሁላት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ፊቴ ሁሉ በራ። ከዚያ፣ ልጅቷ ዘመድ የላትም እንዴ ብዬ ጠየቅኋት። እዚህ ከተማ ማንም የላትም፣ ከመንዝ ነው የመጣችው፣ ትንሣኤ ክብሩ ትባላለች አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ማንም የላትም! እኔ ተዋበች በቁሜ እያለሁ፣ ያባቴ ልጅ ልጅ፣ በእኔው ከተማ፣ ከእኔው ሱቅ በምጽዋት አንሶላ ይገዛላታል! ኧረ ጉድ ነው ጋሼ! ይኼን የሰማ ሰው ምን ይለኛል? ሰውስ ይቅር፣ ለራሴ ምን ልበል?

ሱቁን ዘግቼ፣ አስማን ባጃጅ ውስጥ አስገብቼ በረርኩ። ፕሮክተሯን ለምኜ ዶርም ገባሁ። ከስድስቱ አልጋ አምስቱ ተነጥፎ አምሮበታል። የእሷ ስፖንጁ እንደወጣ ነው፤ ነጠላዋ ብቻ ተጣጥፋ ራስጌው ላይ አለች። እሷ ሎከሯን ከፍታ ሁለቱን ቀሚሶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ወዴት ነው ብላት፣ ሰኞ ወደ አገሬ እሳፈራለሁ አለችኝ። ገና ትምህርቱ ሳይጀመር! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ዳገት ወጥታ ወርዳ የተማረችው ልጅ!

አቅፌ ብዙ አልቅሼ ነው ያወጣጣኋት። ዶርሙን ያስጠላት ብርዱ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ልጆቹ ልብስሽ መቼ ይመጣልሻል እያሉ ሲጠይቋት፣ ነገ ነገ እያለች መዋሸት ሰልችቷት ነው። እናቷ እትዬ ክረምቱን በሙሉ የበግ ጠጉር ፈትለው ሌሊት እንድትለብሰው ያሠሩላትን ባና ለምን አላመጣሽም ብላት፣ መጀመሪያ ታስሮ ነበር፣ አባቴ ነው ያወጣው አለችኝ። ባናው ከወጣ ሁለቱም ቆርቆሮ ይገባል፣ ሐዋሳ ቆላ ነው፣ ባና ምን ያደርግልሻል፣ ባዶ እጅሽን ግን አክስትሽ ቤት አትገቢም አሏት አሉ። የጥቅምት ብርድ ሐዋሳ አይደርስም ያለዎት ማነው? ሰውስ አንሶላና ብርድ ልብስ ለብርድ ብቻ ነው የሚይዘው? ከሰው እኩል ለመሆንም እኮ ነው!

ያም ይሁን። ይኼንን ብቻ ቢያደርጉ ኖሮ ተቆጥቼ፣ ለልጅቷ አልጋዋን አንጥፌላት በወጣልኝ። አንጀቴን የቆረጠው መሐላው ነው። አክስትሽ ነጋዴ ናት፣ ከሱቋ አንሶላ እንዳትቀበዪ፣ መርፌ እንኳ እንዳትቀበዪ ብለው፣ አባቴ ይሙት አሰኝተው አስምለዋታል! ምን ነካዎት ጋሼ? ልጅ በአባቷ ሞት ከማለች በኋላ ምን ታድርግ? የሱቄን ምርጥ ብርድ ልብስ ይዤ ሄጄ፣ አባቴን አልገድልም ብላ አልነካውም አለች። አስማ የያዘችውም አንሶላ ከእኔ ሱቅ መሆኑን ስትሰማ ያንንም ገፋችው። አስማ፣ እኛ በገንዘባችን ገዝተነዋል፣ አሁን የእኛ ነው ብላ ብትከራከራት ወይ ፍንክች! ከአንቺ ብቀበል አባቴን፣ ከእነሱ ብቀበል ራሴን፣ ስለዚህ ልሂድ አለችኝ። እልኋ ከማን እንደመጣ አልነግርዎትም።

እኔ ለእርስዎ ማን ነኝ? ባዕድ ነኝ? አባታችን ሲሞት በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም? እንጀራዎን ስበላ፣ ጋቢዎን ተጋፍቼ ስተኛ ማን አስማለኝ? ያን ጊዜ ከእርስዎ መቀበል ለእኔ ነውር ካልነበረ፣ ዛሬ ልጅዎ ከእኔ መቀበሏ ለምን ነውር ይሆናል? ቅቤና ማር ጭነው ልከው አኮሩኝ መሰለዎት? አዋረዱኝ እንጂ! እንደ እንግዳ ቆጠሩኝ።

ባዬ ቀስ በዪ፣ ታላቅሽ ናቸው እያለ ከጀርባዬ ቆሟል። እሱ ምን አለበት፣ ቋንጣውን በልቷል።

አሁን ያለው ነገር ይኼው ነው። ትንሣኤ ምንያህል እስኪመለስ ድረስ ልትቆይልኝ እሺ ብላለች። እስከዚያ ከአስማ ጋር በአንድ ጠባብ አልጋ ራስና እግር ሆነው ይተኛሉ። መሐላውን ከእርስዎ በቀር የሚያነሳላት የለም፤ የንስሐ አባቷ እንኳ ቢነግሯት አባቴ ይበለኝ ነው የምትለው። ስለዚህ አልአዛር ብዕር ያምጣና፣ ልጄ ከአክስትሽ ተቀበዪ፣ እኔ ነኝ ያልኩሽ ብለው ያጽፉና በጣትዎ ይፈርሙበት። ያ ወረቀት ካልመጣ ልጅቷ ትመለሳለች፤ የእትዬም ፈትል፣ የእርስዎም ድካም፣ የእሷም አሥራ ሁለት ዓመት ገደል ይገባል። ከተመለሰችብኝ ደግሞ እህት አለኝ ብለው እንዳይጠሩኝ።

ለእትዬ ፍቅርተ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ ባናው ከማዳበሪያው ሲወጣ እንባ እንደተናነቃቸው ትንሣኤ ነግራኛለች፣ በእሳቸው ቅር አላለኝም። አልአዛርን ሁለት ጉንጩን ሳሙልኝ፤ ሲያነብ የዘለለው ነገር ካለ ወደ ኋላ ይመለስ። ለመምሬም ለጎረቤቶቹም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ባዬና ልጆቹ እጅ ይነሳሉ።

ምንያህል ሐሙስ ወደዚህ ይመለሳል። ወረቀቷን ለእሱ ይስጡት። ሌላ ነገር ሊጭኑበት እንዳይሞክሩ፤ አንዲት እንቁላል እንኳ ቢሰጡት አይቀበልዎትም፣ እኔም በእናቱ ሞት አስምዬዋለሁ።

እህትዎ ተዋበች
ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.