ብሎግሽ ያመጣልኝ በሬ

ውድ ሂዊ፣

ስንደዋወል ሁሉንም በሳቅ ስለምናልፈው ይህን እንኳ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ፈለግሁ።

ለሥራ ወደ አዳማ የሄድሽ ዕለት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆመን፣ «ይሄ ድረ ገጽሽ የመቃብር ሐውልት ይመስላል፤ ስምሽና ፎቶሽ ብቻ!» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። ደክመሽ የሠራሽልኝ ገጽ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ፣ የእንስሳት ሐኪም መሆኔንና ስልኬን እንደያዘ ዓመት አለፈው። «ብሎግ እጨምርበታለሁ፤ የገጠመሽን ጻፊበት። አዲስ ነገር ከሌለው ማን ተመልሶ ያየዋል?» አልሽ። ቃልሽን አላጠፍሽም።

ያኔ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ደብረ ኤልያስ ክሊኒኬን ስከፍት ገበሬዎቹ በር ላይ ሆነው «ወንድ ሐኪም የለም?» ይሉና ከብታቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ልዘጋው ነበር፣ ሂዊ።

መጻፍ የጀመርኩት ሥራ ስፈታ ነው። አንዴ ስለ በግ ሰኮና፣ አንዴ ስለ ጥጃ ተቅማጥ፤ አንድ ቅዳሜ ደግሞ ፌስታል ስለሚውጡ ከብቶች፣ ሆዳቸውን እንዴት ቀደን እንደምናወጣላቸውም ጭምር ጻፍኩ።

መጋቢት ላይ ጋሽ አንለይ የሚባሉ ገበሬ በሬያቸውን እየጎተቱ መጡ። ባለቤታቸው ማንጠግቦሽ ስልኳን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። የበሬው ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጋሽ አንለይ አዩኝና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ያነበብሽልኝን የጻፈች ይቺ ልጅ ናት?»

«እሷው ናት። ፎቶዋን እየው!»

«ቢሞትብኝስ፣ ልጄ? ጥማዴ ይፈርሳል።»

«እንዲሁ ከተውነው ይሞትብዎታል» አልኳቸው። «ከቀደድኩት ግን ተስፋ አለው።»

የበሬውን ቀንድ ያዙ። «ቅደጂ።»

አደንዝዤ ቀደድኩት። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ የተጠቀለለ ፌስታልና የናይለን ገመድ መዥርጬ ሳወጣ፣ ማንጠግቦሽ «እመብርሃን!» ብላ አፏን ያዘች። ቁስሉን በጥንቃቄ ሰፋሁት። ሲሄዱ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በሬው ማመስኳት ሲጀምር ጋሽ አንለይ ተመልሰው መጡ። «ይህንንም ጻፊው። ስሜን ከነአባቴ አስገቢው። በሬዬም ዳልቻ ይባላል።»

ጻፍኩት። ጽሑፉ ከስልክ ስልክ ዞረ። አሁን ከሩቁ ከጉንደ ወይን ሳይቀር በብሎጉ ይጠይቁኛል፤ መልሴን የሚቀጥለው ጽሑፍ አደርገዋለሁ። ገጹ አንድም ሳምንት ያለ አዲስ ጽሑፍ አያልፈውም። በራሴ ኮራሁ፤ ባንቺም እንደዚያው።

ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ሳልፍ ጋሽ አንለይ በዳልቻ ሲያርሱ አየሁ። ሲያዩኝ እርፉን ለቀው፣ ማዶ ለሚያርሰው ጎረቤታቸው ጮኹ፦

«አንተ! ያቻትና! ሐኪሜ እሷ ናት!»

ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ።

ወዳጅሽ፣
ዶክተር እቴናት