ያኔ ያልተጠየቅሽው

ይድረስ ለልጅነት ሚስቴ፣ ድሬዳዋ።

ብዕሩን የያዘችው ሀብትነሽ ናት፣ ካንቺ በኋላ አብሬያት የኖርኩት። እኔ ፊደል አለመቁጠሬን ታውቂያለሽ፤ እሷ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምራለች። ሌላ ሰው ማስጻፍ አቅቶኝ አይደለም። ከእሷ ተደብቄ ላንቺ ቃል አልልክም ብዬ ነው።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ያ ሙቀት ተስማማሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ደከም ብሏል እንጂ እስካሁን ማንም ክንዴን ይዞ አላሻገረኝም። ካዛንቺስን ብታዪው አታውቂውም። ሰፈራችን ፈርሶ እዚሁ ቂርቆስ ኪራይ ቤት ገብተናል። ጠዋት ለቅዳሴ ስወጣ እግሬ ወደ ድሮው ቅያስ ይታጠፋል። ቅያስ የለም። ሰፊ አስፋልት ነው፣ ጉም ተኝቶበታል። እኔ ግን አጥሩን በእጄ እየዳበስኩ እሄዳለሁ፣ አጥር በሌለበት።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንቺ በሕይወት እያለሽ ከሌላ ሴት ጋር በመኖሬ ቁርባን ተከለከልኩ፤ ሀብትነሽም በእኔ የተነሳ ተከለከለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን የድሮው ቄስ ኃጢአት ነው አሉ፣ አለቀ። የኋላ ወንበር ላይ አረጀሁ። ማንንም አልለመንኩም።

ዘንድሮ አባ ሚልዮን የሚባሉ ቄስ መጡ። ልጅ ናቸው፣ ውጭ አገር ተምረዋል አሉ። ቤት ድረስ መጥተው ስለ ሰርጋችን ጠየቁኝ። ማን እሺ አለ አሉ። አባቷ አልኳቸው። እሷስ አሉ። እሷን ማን ይጠይቃል፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር አልኳቸው። ያለ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ሕጉ ድሮም ያዛል፤ እኛ ግን ሽማግሌና ፊርማ ካየን በቃን እንል ነበር፣ የሰውን ልብ መስማት ገና እየተማርን ነው አሉ። ተናደድኩ። ታዲያ እኔ ከኋላ ሳረጅ የኖርኩት እግዚአብሔር ሐሳቡን እስኪቀይር ነው ወይ አልኳቸው።

«እግዚአብሔር አልተቀየረም፣ ጋሼ ተከስተ። ለመጠየቅ የዘገየነው እኛ ነን» አሉኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ያንቺ ነው። ያኔ ወደሽ ነበር ወይስ አባትሽን ፈርተሽ? ፈርቼ ነው ካልሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ዳኞች መርምረው ጋብቻው ከመነሻው አልጸናም ሊሉ ይችላሉ፤ እኔና ሀብትነሽም በሥርዓት ተጋብተን እንቆርባለን። ወድጄ ነው ካልሽ እንዳለን እንቀራለን። ሀብትነሽ ልቧን ታማለች፤ ሳትቆርብ እንዳታልፍ እፈራለሁ። ይሄን ስል ቀና ብላ፣ አንተ ሰውዬ፣ እኔን መለመኛ አታድርገኝ አለች። ጻፊው አልኳት።

ሰሞኑን በሕልሜ ትመጫለሽ። ሰርጉ ካዛንቺስ ነው፤ የፈረሱት ቤቶች ሁሉ ቆመዋል፣ ጣሪያቸው እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ቄሱ ዞረው ይጠይቁሻል። ሻሽሽን ገለጥ አድርገሽ አፍሽን ትከፍቻለሽ። ድምፅሽ ሳይደርሰኝ እነቃለሁ። ለሀብትነሽ ነገርኳት። ምን እንድትልህ ትፈልጋለህ አለችኝ።

ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ፣ ለእሷም ብለሽ። እውነቱን ብቻ ላኪ። እመቤታችን ትጠብቅሽ፣ ቤትሽ አይጉደል፣ እርጅናውን ያቅልልሽ።

ሀብትነሽ፣ ከታች የቀድሞ ባልሽ በይ። ቆይ፣ የቀድሞ የሚለውን ተይው፣ ገና አልታወቀም። ባልሽ ብቻ በይ።

ሀብትነሽ፣ እጅሽ ለምን ቆመ? በይ እስቲ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።