እማዬ ከአራተኛ ፎቅ የወረደችበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ ትንሽ አሳረፉሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? ካልሲ ደርበሽ እንደምትተኚ ከነገርሽኝ ወዲህ እኔም አልጋ ውስጥ ስገባ እግሬን ይበርደኝ ጀምሯል። እኛ ሁላችንም አለን። ልጄ አድጋ አድጋ ቀሚሷን አስረዝሜ አልደርስባትም። ባለቤቴም ከዳቦ ቤቱ ዱቄት ተነስንሶበት ይገባል፣ ዱቄቱን አራግፎ ይወጣል። እማዬ ስምሽን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን የለም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር «እሷ ናት?» ትለኛለች፣ የዳቦ ቤቱ አለቃ እንኳ ሲደውል።

ባለፈው በስልክ «ቤት አግኝታችሁ ምን ያነጫንጫችኋል? ስንቱ ጣራ አጥቶ በየሰው ደጅ ይንከራተታል» ያልሽኝ ከሆዴ አልወጣ ብሏል። እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ዋጥ አድርጌው ወሬ ቀየርኩ። አሁን ግን የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ነገሩን ከሥሩ ልነግርሽ ተቀምጫለሁ።

የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ባልረግመው ደስ ይለኛል። የድሮውን ግቢያችንን ታውቂዋለሽ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ከአልጋ ወደ አልጋ ስናዞር ነው ያደግነው። ለመጸዳጃ ቤቱ የምንሰለፈውንማ ተይው። እና መልሶ ማልማት የሚሉትን ይዘው ሲመጡ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ነባር ነዋሪ ከሰፈሩ አይነቀልም፣ ኪራዩም እንደየገቢያችሁ ይሆናል አሉን። ይህን ቃላቸውን አላጠፉም። ውኃው ከቤት ውስጥ ቧንቧ ይወርዳል። ያ የሚሸት ቦይ ተከድኗል፣ መንገዱ ድንጋይ ለብሷል፣ በየማዕዘኑ መብራት ቆሟል። ኪራዩንም ከማንም ሳንበደር እንከፍላለን። ይህን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል።

ቤቱን ግን በዕጣ አደሉን። ዓይነ ስውርም፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሽማግሌም እኩል እጁን ሰድዶ አወጣ። ለእኛ የደረሰን አራተኛ ፎቅ ነው። የሊፍቱ ቦታ ተሠርቷል፤ ሊፍቱ ግን የለም። በጀት እስኪገኝ ብለው ጣውላ መትተውበት ሄደዋል። የእማዬን ጉልበት ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከሄድሽ ወዲህ ብሶበታል።

የገባን ዕለት ባለቤቴና ጡሩንባው ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወጧት። ጡሩንባውን አልረሳሽውም መቼም፤ ያ የአጥር ጎረቤታችን ልጅ፣ እናቱ ሥራ ስትውል በእማዬ ጉያ ያደገው። አሁን የአውቶቡስ ረዳት ሆኗል፤ በዚያ ድምፁ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? በየፎቁ እያሳረፉ ሲያወጧት እማዬ «ሙሽራ ሆንኩ እኮ!» እያለች ትስቅ ነበር። በራችን ላይ ሲያወርዷት ግን ዞር ብላ ደረጃውን አየችና ሳቋ ጠፋ። «ከዚህስ የምወርደው በቃሬዛ ነው» አለች። ሟርት አታውሪብን ብዬ ተቆጣኋት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯ ምድር አልነካም። ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ስንላት «ሰው አላሸክምም» ትለናለች። ያቺ አትክልት ሻጯ የልብ ጓደኛዋ ስትሞት ሬሳዋ ከግቢው ሲወጣ ያየችው ከላይ ሆና ነው። የመስኮቱን መስታወት ይዛ እንባዋ ብቻ ይወርድ ነበር። በምልክልሽ ፎቶ ሁሉ መስኮት ሥር የምትታይሽ ቦታውን ወዳው አይደለም እታለሜ። ሌላ የምትሄድበት ስላጣች ነው።

ጽሕፈት ቤቱን ደጅ ስጠና ጫማዬ አለቀ። የዕጣ ክፍሉ ወደ አስተዳደር ይልከኛል፤ አስተዳደሩ ወደ ሕንጻ ክፍል። ሕንጻ ክፍል ስደርስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እዚያ ቢሮ ስብሰባ የማያልቅ ነገር ነው። በዚህ መሐል ጡሩንባው አንድ ቀን መጥቶ «ለምን ትለማመጫቸዋለሽ? የእኔ ቤት ግራውንድ ነው። እማማ ትውረድ፣ እኔ ልውጣ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥዬ የምውል ሰው ደረጃ ምን ያደርገኛል?» አለኝ። ሚስቱም አላንገራገረችም። ሁለቱ ቤቶች በስፋትም በኪራይም እኩል ናቸው። እኔ ሞኟ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ጡሩንባውን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ቤት መለዋወጥ ክልክል ነው አሉን። ለምን ብንላቸው፣ ቤቱን ባለገንዘብ እየተቀባበለ ድሃውን መልሶ እንዳያስወጣው ነው፤ መመሪያው የወጣው እናንተን ለመጠበቅ ነው አሉን። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ሌላ ሰፈር እንደዚያ ሆኖ አይተናል። «እሺ፣ ከባለገንዘብ ጠብቁን፤ እናቴን ከደረጃው ማን ይጠብቃት?» አልኩት የሚያነጋግረንን ሠራተኛ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እህቴ፣ እኔም ያሳዝነኛል» አለኝ። ማዘኑን አልጠላሁትም፤ ግን በእሱ ሐዘን እማዬ አንድ ደረጃ አልወረደችም።

ከዚያ ሕንጻው ሊመረቅ ነው ተባለ። ካሜራ ይዘው ሲመጡ አንድ ነዋሪ ቤት መግባት ፈልገው የእኛን መረጡ፤ መጋረጃው ያማረ ነው ብለው ነው። የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ኮራ ማለቴን አልደብቅሽም። አብረው የመጡት የጽሕፈት ቤቱ ዋና ኃላፊ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸው፣ ቃል መናገር አቅቷቸው በሩን ተደገፉ። እማዬ ውኃ አስቀዳችላቸውና «ጠጣ ልጄ፣ ቀስ ብለህ። አንተ በዚህ ጉልበትህ እንዲህ ከሆንክ እኔ እንዴት ልሁን?» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ እንኳ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ኃላፊው ግን አልሳቁም። እጇን ይዘው «ይህማ ዛሬውኑ መስተካከል አለበት» አሉና ወደ ሠራተኞቻቸው ዞሩ። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

በቴሌቪዥን የታየው እጇን ይዘው ሲቆሙ ብቻ ነው። ንግግሯን ቆርጠው ጥለውታል። ጠበቅን፤ ጠበቅን። ሄጄ ስጠይቅ ጉዳይሽ በጥናት ላይ ነው አሉኝ። ኃላፊው በቃላቸው ብለው የለም ወይ ብላቸው፣ በቃል ያሉትማ አሉ እንጂ መመሪያው አልተሻሻለም አሉኝ። የዛን ቀን መንገድ ላይ ብቻዬን ስናገር ሰው ያየኝ ነበር።

አሁን የምነግርሽን እማዬ ለማንም አትንገሪ ብላኛለች። ላንቺ ግን ካልነገርኩሽ ለማን እነግራለሁ? አንድ ከሰዓት በኋላ የሰፋሁትን ልብስ አድርሼ ስመለስ እማዬን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በቂጧ እየተንፏቀቀች ልትወርድ ሞክራ ሦስተኛ ፎቅ ሳትደርስ ጉልበቷ ከድቷት፣ መውረድም መመለስም አቅቷት የብረቱን ድጋፍ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። ለምን እንዳልተጣራች ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። ቀሚሷ ርሶ ነበር እታለሜ። ያቺ ከሰው ፊት ሻሿን እንኳ የማታስተካክል እናታችን! ነጠላዬን አውልቄ ሸፈንኳት፤ ከዚያ የሆንኩትን አላውቅም። ደረጃው መሐል ቆሜ ዕጣውንም፣ ሊፍቱንም፣ ጽሕፈት ቤቱንም እየጠራሁ ጮኽኩ። በሮች ተከፈቱ።

ጡሩንባው ያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበር። ሮጦ ወጥቶ እማዬን ሲያያት ያ ሁሉ ድምፁ ጠፋ። ቀስ ብሎ «በቃ» አለ። «በቃ እማማ፣ ዛሬ ወደ ቤትሽ ነው የምትወርጂው።» ጀርባውን ሰጥቶ አዘላትና ወረደ። ጎረቤት ሁሉ ተነሣ። የእኛ አልጋ ሲወርድ የእነሱ ቁም ሣጥን እየወጣ፣ መሐል ላይ እየተጋጩ፣ «ወዲህ በል! ወዲያ በል!» እየተባለ ጀንበር ሳትጠልቅ ሁለቱም ቤት ተለዋወጠ። እኔ እማዬን አጣጥቤ ልብስ ቀየርኩላትና ደጅ ወንበር አወጣሁላት። ጫማዋን አውልቂልኝ አለችኝ። እግሯን አፈሩ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች።

አሁን እንግዲህ ሕገ ወጥ ሆነናል። ቤት ተለዋውጦ የተገኘ ሁለቱም ወገን ቤቱን ይነጠቃል የሚል ማስጠንቀቂያ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ሳምንት ተቆጣጣሪ መጣች፤ ገና ወጣት ናት፣ ከጽሕፈት ቤቱ የተላከች። እማዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ሆና ምስር ትለቅም ነበር። ልጅቷ ሰላምታ ሰጥታ «እናቴ፣ እዚህ ቤት የሚኖሩት እርስዎ ነዎት?» አለቻት። እኔ ከውስጥ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። እማዬ መዋሸት አታውቅም፤ «አዎ ልጄ፣ ነይ አረፍ በይ» አለቻት። ልጅቷ አረፍ አለች። የእማዬን ጉልበት አየች፣ ቀና ብላም ፎቁን አየች። ስትሄድ ወደ ጎን ጠራችኝና በለሆሳስ «ዛሬ አንኳኩቼ የከፈተልኝ ሰው አላገኘሁም፤ እንዲህ ብዬ ነው የማቀርበው። በሚቀጥለው ግን የሚመጣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» አለችኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ መረቃት፤ እኔም መርቄያታለሁ። ግን ንዴቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ጨመረ እንጂ አልበረደም። ያንን ሁሉ ሕንጻ ያቆመ፣ መንገድ ያነጠፈ፣ መብራት ያበራ ጽሕፈት ቤት፣ አንዲት ደግ ልጅ እንጀራዋን አደጋ ላይ ጥላ ካልዋሸች በቀር እናታችን በገዛ ሰፈሯ ፀሐይ መሞቅ አትችልም? ይኸው ነው የሚያነጫንጨኝ። ከጡሩንባው ጋር መክረናል፤ የሚመጣው ማንም ይሁን፣ ሳንደበቅ እውነቱን እንነግረዋለን። እማዬን ወደ ላይ የሚያወጣት ካለ ግን ራሱ ይዘላት፤ እኛ ወንበሩን አንይዝለትም።

አብራሽ የምትኖረውን የአገርሽን ልጅ እንደ እህቴ ሳሚልኝ፤ ሳሏ ተሻላት ወይ? የምታስታምሚያቸውን አሮጊትም እናቴ ጤናዎን ትመኛለች በያቸው፤ ቋንቋው ባይገባቸው እጃቸውን ጨብጠሽ ንገሪያቸው። ባለቤቴ እጅ ነስቷል። ልጄ ጉንጭሽን በሁለቱም በኩል ስማሻለች። ጡሩንባው ሰላምታው ካለበት አራተኛ ፎቅ እስካለሽበት ሳይሰማሽ አይቀርም። እማዬ ደግሞ ወገብሽን ጠብቂ፣ አሮጊቷን ብቻሽን አታንሺ፣ ሰው ጥሪ ብላሻለች። ይህን ስጽፍ ደጅ ተቀምጣ ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ታወራለች።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከአዲሱ ሕንጻ፣ ከግራውንዱ ቤት
ሚያዝያ 9 ቀን